ያልተጠራሁበት ክፍል

ሰኞ 4

አዲሱ ትምህርት ቤት። መዝገብ ቤት ያለችው ሴትዮ ከወረቀቷ ቀና ሳትል «ደረጃውን ወጥተሽ ሁለተኛው በር» አለችኝ። ደረጃው ሁለት ነው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ተመልሼ የቱ ነው ብዬ ልጠይቃት አሰብኩ። ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ነበረ፤ ተውኩት። በቀኙ ወጣሁ። ሁለተኛው በር ክፍት ነው። ገባሁ። ምን ፈለግሽ ያለኝ የለም። በመጨረሻው ዴስክ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ነበረ።

ከመስኮቱ ማዶ የልብስ ማጠቢያ ቤት ጣሪያ ይታያል። ነጫጭ አንሶላዎች ተሰጥተዋል። ነፋስ ሲመጣ ሁሉም ባንድ ላይ ያብጣሉ፤ ሲያልፍ ባንድ ላይ ይተነፍሳሉ። ሒሳቡን አልሰማሁም። የምጽፍ እንዲመስል እርሳሴን ሳንቀሳቅስ ዋልኩ።

ማክሰኞ 5

ስም ሲጠራ የኔ የለም። የክፍሉ ኃላፊ ሒሳብ አስተማሪው ናቸው። «ያልጠራሁት አለ?» አሉ። እጄ ከዴስኩ ትንሽ ከፍ አለች፤ እሳቸው ግን ዞረው ነበር። «የአዲሶቹ ስም ከቢሮ ይመጣል» አሉ፣ ለሰሌዳው። እጄን መልሼ አስቀመጥኳት።

ማታ አያቴ «ዛሬስ ማን ምን አለሽ?» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግን ኖሮ አሁን እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ትቶታል፤ የቀረው ሥራ እኔን ከፍቶ ማየት ነው። «አጠገቤ ያለችው ልጅ ሳቂታ ናት፤ ስናወራ ዋልን» አልኩት። ውሸት። አጠገቤ ያለችው ልጅ ቀኑን ሙሉ ያለችኝ አንድ ቃል ነው፦ «ክርንሽን።»

ሐሙስ 7

«ጎረቤቴ» ብያታለሁ። ስሟን አልጠየቅኳትም፤ አሁን ደግሞ ጊዜው አለፈ። በመጀመሪያው ቀን ያልጠየቁትን ስም በአራተኛው ቀን መጠየቅ ያሳፍራል። በዴስኩ ሌላኛው ጫፍ ያለችውን «እንቅልፌ» ይሏታል፤ ምክንያቱን መጠየቅ አያሻም። ከፊቴ «ምሰሶ» አለ፤ እሱ ካልጎነበሰ ሰሌዳው አይታየኝም። ለሁሉም ስም ያወጣው «ሬዲዮ» ነው፤ የሱን ስም ያወጡለት አስተማሪዎች ናቸው ይባላል። ዛሬ ዞር ብሎ አየኝና «እንግዳችን፣ ተጫወቺ እንጂ!» አለ። ሳቁ። ምን ማለቱ ነው? እቤት ገብቼም እሷኑ አመነዥካለሁ። እንግዳ ማለት መጨረሻው መሄድ የሆነ ሰው ነው።

ምሰሶ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ዋለ። ወገቡን አሞት ይሆናል።

ሰኞ 11

ሃምሳ ሁለት ስም። አቤት፣ አቤት፣ አቤት፤ ከቧንቧ እንደሚወርድ ጠብታ። ከመጨረሻው አቤት በኋላ አጭር ዝምታ አለ። የኔ ቦታ እዚያ ውስጥ ነው። ደስ የማይል አይደለም፤ ያልተጠራ ሰው አይጠየቅም።

የባዮሎጂ መምህርቷ የቤት ሥራ ሰብስበው የኔን መለሱልኝ። «ዝርዝሩ ላይ የለሽም፤ ቢሮ ጠይቂ።» እሺ አልኩ። አልጠየቅኩም። ከዛሬ ጀምሮ የቤት ሥራ አልሠራም። ለማን ብዬ?

ረቡዕ 13

ሕልም። ክፍሉን ውሃ ሞልቶታል። ዴስኮቹ እንደ ጀልባ ተንሳፍፈዋል፤ እያንዳንዱ ከጎኑ ካለው ጋር በገመድ ታስሯል። የኔም ገመድ አለው። ጫፉን ማን እንደያዘው ግን አይታየኝም፤ እስባለሁ፣ አይመጣም፤ እለቀዋለሁ፣ አይላላም። እማዬ ወደ ዳቦ ቤት ስትወጣ በሩ ሲዘጋ ነቃሁ። ለማን ልንገረው? የጣቷ የዱቄት አሻራ የበሩ እጀታ ላይ አለ፣ እሷ የለችም።

ዓርብ 15

ዛሬ አንድ ነገር ሆነ።

ምክትል ርእሰ መምህርቷ በሩ ላይ ቆሙ። ከሁለተኛው ረድፍ አንዷን በክንዷ ይዘዋታል፤ አጥር ዘላ ስትወጣ ተይዛ ነው። «ይህች ልጅ ከማን ጋር ነው የምትውለው?»

ሬዲዮ ተነሣ፤ እጁን አጣምሮ፣ እንደ ሽማግሌ በትሕትና። «አይተናት አናውቅም፣ መምህርት።»

«የክፍላችሁን ልጅ?»

«የክፍላችን ናት እንዴ?»

ጎረቤቴን ጠየቁ። «አላውቃትም።» ሦስት ዓመት አብረው የተማሩ ናቸው! ልጅቷ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳለች። ከዚያ ጣታቸው ወደኔ መጣ። «አንቺስ?»

«አላውቃትም» አልኩ።

እኔ እውነቴን ነበር። ግን ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ ሬዲዮም በአገጩ ትንሽ ሰላም ያለኝ መሰለኝ። ጎረቤቴ በዴስኩ ሥር ጉልበቴን በጉልበቷ ነካ አደረገችኝ። ጠቧት ይሆናል። ምክትሏ «ሃምሳችሁም ዓይናችሁን ታከሙ!» ብለው ሄዱ። በእረፍት ሬዲዮ መሐል ቆሞ «ምክትሏ ሰው ይዛ በር ላይ ከቆመች፣ ወላጅ እናቴም ብትሆን አላውቃትም!» እያለ ሲምል ሰማሁ። እኔ ከግድግዳው ዳር ነበርኩ። ያልኩትን ቃል ግን እስከ ቤት ድረስ እንደ ከረሜላ በአፌ ይዤው ሄድኩ።

ማክሰኞ 19

ጎረቤቴ ጠዋት፦ «ሦስተኛውን ሠርተሻል?»

ደብተሬ ባዶ ነበር። አልተቆጣችም። «እኔ እኮ ባንቺ ተማምኜ ነው የተኛሁት» አለች ብቻ።

በኔ ተማምና! ማን ተማመኚብኝ አላት? ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ፤ መናደድ ይመስለኛል። ማታ አምስቱንም ሠራሁ። ሒሳብ ሠራሁ እንጂ ሌላ ምንም ማለት አይደለም።

ረቡዕ 20

ገለበጠች። ምሰሶ ከሷ ገለበጠ፣ ሬዲዮ ከምሰሶ፣ እንቅልፌ ነቅታ ከሬዲዮ። ሦስተኛውን ተሳስቼ ኖሮ አራቱም በኔ ስሕተት ተሳሳቱ። አስተማሪው አምስቱን ደብተር ጎን ለጎን ዘርግተው «መቼም አንድ እናት ናት የወለደቻችሁ» አሉ።

«እንግዳችን አፈር አበላችን!» አለ ሬዲዮ።

ደስ አለኝ። በሰው ላይ ጥፋት አምጥቶ መደሰት ነውር ነው፤ እዚህ ጽፌዋለሁ። ለነገ የተሰጡትን ሁለት ሁለት ጊዜ አየኋቸው።

ሰኞ 25

ዘግይቼ ደረስኩ። ጎረቤቴ ቦርሳዋን ቦታዬ ላይ አስቀምጣለች። አንዱ ልጅ ሊቀመጥ ሲል «ሰው አለበት» ብላ ስትመልሰው ከበሩ ሰማሁ። ማን ሊመጣባት ነው ብዬ ትንሽ ቆምኩ። ስታየኝ ቦርሳዋን አነሣችው። የምትጠብቃት ልጅ ሳትመጣ ቀረች መሰለኝ። አሳዘነችኝ።

አንሶላዎቹ ዛሬ ሰማያዊ ናቸው። ሰማይ ወርዶ ጣሪያ ላይ የተሰጣ ይመስላል።

ሐሙስ 28

የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ። «በተከታታይ በመቅረታቸው ከትምህርት ገበታ የተሰናበቱ።» ሦስተኛው ስም የኔ ነው። ከነአባቴ ስም፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል። በዚህ ትምህርት ቤት ስሜን ሰው ጽፎት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

10ኛ «ለ» ይላል። እኔ የምቀመጠው «ሐ» ውስጥ ነው። የግራው ደረጃ! አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ፣ በግድግዳው ማዶ፣ አንድ ሰው ስሜን ሲጠራ ዝምታ ሲመልስለት ኖሯል። እዚያ ባዶ ቦታ ነበርኩ፤ እዚህ ደግሞ ያልተቆጠርኩ ሰው። የትኛዋ ነኝ የቤት ሥራውን የሠራችው?

ምክትሏ ቢሮ ገባሁ።

«ታዲያ የት ነበርሽ?»

«ሐ ውስጥ።»

«አሥራ ስምንት ቀን! አፍ የለሽም?»

አስተማሪዎቹን አይጠይቁም ወይ አልኩ። «ስምሽ በእጃቸው የለ፤ ፊቴን ያውቁታል እንዳትዪኝ፣ በቀን አራት መቶ ፊት ነው የሚያዩት» አሉ። ክፉ አይደሉም፤ ደክሟቸዋል። ቦርዱ በሚመጣው ወር 9 ሰኞ ይሰበሰባል። እስከዚያ ክፍል ውስጥ እንደነበርኩ የሚመሰክር ከተገኘ ስሜ ወደ «ሐ» ይዛወራል። ካልተገኘ ዓመቱ አለቀ፤ ለከርሞ ከታች ከሚመጡት ጋር እንደገና። «ነገ ክፍሉን ራሴ እጠይቃለሁ» አሉ።

የሚያውቀኝ ማን አለ? አንድ፣ ሁለት ብዬ ልቆጥር ጣቴን ዘርግቼ መልሼ አጠፍኩት።

ዓርብ 29

በሩ ላይ አቆሙኝ። ክንዴን ይዘው።

«ይህችን ልጅ ታውቋታላችሁ?»

ሬዲዮ። እጁን አጣምሮ። «አይተናት አናውቅም፣ መምህርት።»

ምሰሶ ራሱን ነቀነቀ። እንቅልፌ ነቅታ ነበር፤ ዛሬን መረጠች ለመንቃት።

ጎረቤቴ፣ ዓይኗን ዴስኩ ላይ ተክላ፦ «አላውቃትም።»

ቦታዬ ላይ ቦርሳዋ ነበር።

ዓርብ 29፣ ማታ

አያቴ እንደ ልማዱ ጠየቀኝ። «ምንም» አልኩት።

«ያቺ ሳቂታዋስ?»

«ታማለች።»

«ዝም አይነቅዝም ይላሉ። አይምሰልሽ። ሳይሞላ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ የነቀዘ ስንት ሰዓት አይቻለሁ» አለ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። እግሯን በሙቅ ውሃ ነክራ ግድግዳውን እያየች ነበር። ማንን ልውቀስ? ስማቸውን እንኳ ያልጠየቅኳቸውን ሰዎች አወቁኝ ወይ ብዬ ቅር ልሰኝ? ልቤ ግን ቅር ብሎታል፤ ፈቃዴን አልጠየቀኝም።

ማክሰኞ 3

ትናንትም ዛሬም የደንብ ልብሴን ለብሼ ወጣሁ፤ ትምህርት ቤት አልገባሁም። አውቶቡሱን እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ ተመልሶ እስከ መጀመሪያው። ሾፌሩ በሦስተኛው ዙር «እህቴ፣ የጠፋብሽ ዕቃ አለ?» አለኝ።

ረቡዕ 4

አውቶቡስ። መናፈሻ። ዝናብ። አውቶቡስ።

ሐሙስ 5

የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ያለበት ጎዳና ላይ ቆምኩ። አንሶላዎቹ ከታች ሲታዩ ጥላ ናቸው፤ ከላይ የማያቸው ነጮቹ አይመስሉም። አጣቢዋ በረንዳ ላይ ሆና ስትጨምቅ ውሃው አስፋልቱ ላይ ይፈሳል። ከዚያ ሰማሁት፤ ከሁለተኛው ፎቅ፣ በተከፈተው መስኮቴ። አቤት፣ አቤት፣ አቤት። ከውጭ ሲሰማ የብዙ ሰው ድምፅ አይደለም፤ አንድ ትልቅ እንስሳ በእንቅልፉ የሚተነፍስ ይመስላል። ልቆጥር ሞከርኩ። አርባ ላይ ጠፋብኝ።

«ልጄ፣ ጫማሽ እየራሰ ነው» አለች አጣቢዋ። ጫማዬን አየሁ። እውነቷን ነው።

የሒሳብ ፈተና በሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ነው። ለምን እንደማስታውሰው አላውቅም። ሦስተኛውን ጥያቄ ለጎረቤቴ ማን ይሠራላታል?

ቅዳሜ 7

ሁሉንም ልጻፈው፤ እንዳይጠፋብኝ።

በሩ ተንኳኳ። አያቴ ከፈተ። ጎረቤቴ! ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ደብተር በእጇ። አያቴ ከላይ እስከ ታች አያትና ፊቱ በራ። «አንቺ ነሽ ሳቂታዋ! ተሻለሽ? ግቢ፣ ግቢ። ያ አስተማሪ በወንበሩ ሲወድቅ የሳቃችሁትን ነግራኛለች። እኔም ብቻዬን ስስቅ ነበር የከረምኩት።»

አስተማሪም አልወደቀም፣ እኛም አልሳቅንም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ጎረቤቴ አየችኝ። አንድ ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች።

«ኧረ አባባ፣ እሱን አያስታውሱኝ፤ እስካሁን ሆዴን ያመኛል» አለች።

ውሸት! እንደኔ እንኳ አልተንተባተበችም። አያቴ እየሳቀ ሻይ ሊጥድ ገባ፤ እኛ በረንዳ ላይ ቀረን።

«ቤቱን እንዴት አወቅሽው?»

«አንድ አውቶቡስ አይደል እንዴ የምንሳፈረው? ካንቺ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ፤ ዛሬ ያንቺው ላይ ወርጄ ሰው ጠየቅኩ። አንቺ መስኮት ነው የምታዪው። ስንቴ ደህና ዋይ ብዬሻለሁ።»

ይህን የት ላስቀምጠው?

«ለምን ቀረሽ?» አለች።

«አላውቃትም አልሽ።»

«ታዲያ ምን ልበል? ክንድሽን ይዛ ቆማ! ‹አዎ የኛ ናት፣ ውሰጃት› ልበል? አጥር የዘለለችዋን ረሳሻት? አንቺ ራስሽ አላውቃትም አላልሽም?»

«እኔ በእውነት አላውቃትም ነበር።»

ጎረቤቴ አፏን ይዛ ቀረች። ከዚያ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ አያቴ ከውስጥ «ይኸው! ሳቂታ ብያለሁ!» አለ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ዞረብኝ፤ ሻሿን ፈትታ ሰጠችኝ።

ተይዤ መስሏቸው ነው። ምን እንዳጠፋሁ ሲገምቱ ሳምንቱን ሙሉ ከርመዋል፤ ሬዲዮ የፈተና ወረቀት ሰርቃ ነው ብሎ በአክብሮት ሲያወራልኝ ሰንብቷል። ትናንት ምሰሶ ደብተሬ ላይ ያየውን ስም ማስታወቂያው ላይ አንብቦ ሲነግራቸው ሬዲዮ ጸጥ አለ። «ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቃል አልወጣውም! ሰው ሁሉ ሐኪም ይጠራለት ሲል ነበር» አለች።

«እኔ አዎ የሚለኝ ነበር የምፈልገው» አልኳት።

«አልነገርሽና! ከሩቅ ሆነን ሆድሽን እንድናነበው ነው?»

ስሟን ጠየቅኳት። ነገረችኝ። ለዚህ ደብተር አልሰጠውም።

ሰኞ 9

ከቦርዱ በፊት ቢሮ ገባን፤ ጎረቤቴ፣ ምሰሶ፣ ሬዲዮ፣ እንቅልፌ፣ አጥር የዘለለችዋም። ምክትሏ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያን ዓርብ ‹አይተናት አናውቅም›። ዛሬ እህታችሁ። የትኛው ነው ውሸቱ?»

«የዓርቡ ነው፣ መምህርት» አለ ሬዲዮ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«የዛሬው አለመሆኑን በምን ልወቅ? ለጓደኛ ስትሉ ዓይናችሁን በጨው እንደምታጥቡ በዓይኔ አይቻለሁ። በእናንተ ምስክርነት ምን ይታመናል?»

እውነታቸውን ነው። ልጆቹ ያንን ሁሉ ጊዜ ሰው ያዳኑበት ውሸት ዛሬ አፋቸውን ያዘው። ጎረቤቴ ማልቀስ ጀመረች፤ በኔ ምክንያት ሰው ሲያለቅስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው።

«እኔ ልመስክርላቸው?»

«ለነማን?»

«ወረቀት ይስጡኝ።»

ሰጡኝ። ክፍሉን ሣልኩት። ዴስክ በዴስክ፣ ከኋላ ወደ ፊት፤ እኔ የማውቀው ከኋላ ነው። ከጎረቤቴ በቀር ስማቸውን ስለማላውቅ በእያንዳንዱ ቦታ የማውቀውን ጻፍኩ። ማጅራቱ ላይ ጠባሳ ያለበት። ጣቷን በዴስክ ሥር የምትቆጥረው። የጫማው ማሰሪያ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሆነው። ጀርባው ከሳቀ በኋላ ፊቱ የሚስቀው። እርሳስ የምታላምጠው፤ ሰኞ ሰኞ ብቻ። ሬዲዮ ላይ ስደርስ «ከመቀለዱ በፊት እጁ ይንቀጠቀጣል» ብዬ ጽፌ ልሰርዘው ስል እሱ በትከሻዬ በኩል አነበበው። እጁን ኪሱ ከተተ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ቀና ስል የክፍሉ ኃላፊ ተጠርተው መጥተው ቆመዋል። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው ረጅም ጊዜ አዩት፤ እኔን ሳይሆን እሱን።

«ይሄ የኔ ክፍል ነው» አሉ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚያወሩ፦ «ሽቦውን እኔ አላየሁትም ነበር።»

ምክትሏ በጣታቸው ቆጠሩ። ሃምሳ ሁለት። «በመስኮቱ በኩል አንድ ቦታ ባዶ ትተሻል።»

«የኔ ነው» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ጮክ ብሎ ነበር፤ ራሴን አስደነገጠኝ። ምክትሏ ወረቀቱን አጥፈው ለቦርዱ ሊያሳዩት ይዘውት ሄዱ። ኮሪደሩ ላይ አርባ ደቂቃ ጠበቅን። እንቅልፌ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ሲመለሱ ወረቀቱ ላይ ፊርማ ነበረ። «ሌላ ጊዜ ደረጃ ሲጠፋብሽ ጠይቂ» አሉኝ።

ረቡዕ 11

ትናንት ከጎረቤቴ ጋር ለፈተናው እስከ ምሽት አጥንተን ጠዋት እንቅልፍ አሸነፈኝ፤ አውቶቡሱ አመለጠኝ። በቀኙ ደረጃ እየሮጥኩ ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ስም እየተጠራ ነበር፤ ከሃምሳ ሁለተኛው አቤት በኋላ አስተማሪው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስሜን ጠሩ። ሃምሳ ሦስት።

ዝምታ። ከዚያ የሁሉም ድምፅ ባንድ ጊዜ።

«አለች፣ መምህር!»

«የት አለች?»

«ሽንት ቤት!»

«ኧረ አያቷን አሟቸው ነው!» ይሄ ሬዲዮ ነው።

«ምን ያሟርትብኛል ይሄ! አያቷ ደህና ናቸው፤ ቅዳሜ አይቻቸዋለሁ!» ጎረቤቴ።

«እሺ እሱ ይቅር፤ ጥርሷን ነው!»

«‹ቀሪ› ብዬ ጽፌያለሁ» አሉ አስተማሪው። «ዝም በሉ።»

«ይሰርዙታ! ፈተና ላይማ አትቀርም፣ እናውቃታለን!»

እጄ በሩ ላይ ነበር። ትንሽ ብገፋው ይበቃ ነበር። ልቤ ከሩጫው ገና አልተመለሰም፤ ፈተናው ሊጀመር ነው፤ መግባት ነበረብኝ። አልገፋሁትም። ስለኔ እየተጯጯሁ ሲከራከሩ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እስከ መጨረሻው ልስማቸው ብዬ ቆየሁ።